ግማሽ ባሩድ

ጠመንጃው የእኔ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ከሚያውቁኝ ሰዎች ግማሾቹ የእኔ ይመስላቸው ነበር፣ እኔም አላረምኳቸውም። ባለቤቱ ወዳጄ ነው፤ ገበያው ዳር አቡጀዲ፣ ኩል፣ ስኳርና የፋኖስ ብርጭቆ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ። እኔ እዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ወዳጅነታችን የተጀመረው ጠመንጃውን ዝገት ሲበላው አይቼ ስለተናደድኩ ነው። «ይህን ከምታበላሸው ለምን ለቀጥቃጭ ሰጥተህ ማረሻ አታሠራበትም?» አልኩት። «በል እንግዲህ አንተ ወልውለው» አለኝ። ወለወልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ወለወልኩት።

ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው፣ ሁለት ምላጭ ያለው፣ ከወገቡ ታጥፎ የሚከፈት የወፍ ጠመንጃ ነው። የወዳጄ አባት ከጨው ነጋዴዎች ቅፍለት ጋር ቆላ ሲወርዱ ደጋ ሲወጡ ትከሻቸው ላይ ያረጀ ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ሱቁንና ቤቱን ለልጆቻቸው ሁሉ አካፈሉ፤ ጠመንጃውን ግን ለወዳጄ ለብቻው ሰጡት። ደርግ ከገባ በኋላ የሱቁ መደርደሪያ ዕቃ እያጣ ባዶውን ቆመ፤ ቤቱም ትርፍ ነው ተብሎ ተወረሰ። አባቱ ከሰጡት ሁሉ ሳይነካ የቀረው ጠመንጃው ብቻ ሆነ። ወዳጄ ይህን አንድ ቀን በአፉ ተናግሮት አያውቅም፤ ግን ስወለውል አጠገቤ ይቀመጥና ዓይኑን ከእጄ ላይ አያነሳም ነበር።

ጠመንጃ መያዝ ማለት በአብዛኛው መጥረግ ማለት ነው። ተኩሱ የዓመቱ ቢደመር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ወይራ በትር ጫፍ ላይ የአቡጀዲ ቁራጭ አስሬ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነክሬ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አፈሙዙ ውስጥ እመላለሳለሁ። ሰደፉን በኑግ ዘይት አሻለሁ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ እርጥብ ጠፍር ጠመጠምኩበት፣ ሲደርቅ ጨምድዶ ያዘው። በጋ በየሳምንቱ፣ ክረምት በየሦስት ቀኑ። ሚስቴ «ለእኔ ወገብ እንዲህ አሽተህልኝ ታውቃለህ?» ትለኝ ነበር። አላውቅም። እውነቷን ነው።

ጥይቱን የምሞላውም እኔ ነኝ። የናስ ቀለህ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ይሞላል። ባሩዱን የምሰፍረው በኩል ብልቃጥ ክዳን ነበር። በላዩ የጨርቅ ውታፍ፣ ከዚያ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ እርሳሶች፣ ከዚያ ሌላ ውታፍ። የጠመንጃው ልክ ሁለት ክዳን ተኩል ባሩድ ነው። እኛ የምንሞላው አንድ ክዳን ብቻ ነበር። ይህን ለሌላ አገር አዳኝ ማስረዳት ያስቸግራል።

እኛ ዘንድ ወፍ መምታት ቀላል ነው፤ ከባዱ ሳይሞት መድረሱ ነው። በጥይት የሞተ ቆቅ በክት ነው፤ ለእኔም ለእሱም አይበላም። ቆቁ ክንፉ ተሰብሮ በሕይወት መውደቅ አለበት። ከዚያ ሮጦ መድረስ፣ ስም ጠርቶ ማረድ ነው። እኔ «በስመ አብ» ብዬ ያረድኩትን እሱ አይቀምስም፤ እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደውን እኔ አልቀምስም። ሼኹ «ስትተኩስ ስሙን ከጠራህ ይበቃሃል» ብለውት ነበር። እናቱ ግን አልተቀበሏቸውም፤ ድስቱ ደግሞ የእናቱ ነው። ስለዚህ ባሩዱን ቀነስን። በሁለት ክዳን ተኩል የተመታ ቆቅ የሚተርፈው ላባው ነው። በአንድ ክዳን የተመታ ግን ተገርሞ ይወድቃል።

ሕጋችን እንዲህ ነበር። ተኳሹ ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ጠመንጃው የእሱ ነዋ። በቀኝ አፈሙዝ የመታው የእኔ ነው፤ ቢላዬን መዝዤ እሮጣለሁ። በግራው የመታው የእሱ ነው፤ ጠመንጃውን ያቀብለኝና እሱ ይሮጣል። ወዳጄ ቦርጩ ገፋ ያለ ሰው ስለነበር የእሱ ቆቆች ብዙ ጊዜ ሳይደርስባቸው ይሞታሉ። አንድ ቀን የእሱ ቆቅ እኔ እግር ሥር ወደቀ፤ እሱ ከሸለቆው ማዶ ነበር። ቆቁን አቅፌ ቆሜ ጠበቅሁት። እያለከለከ ሲደርስ ቆቁ ነፍሱ ወጥታለች። «አንተ ቶሎ ቶሎ ብትመጣልኝ ምን ነበር?» አለኝ። «ቆቁ እንዲጠብቅህ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ» አልኩት። በሁዳዴ እኔ ሥጋ ስለማልበላ ሁለቱም አፈሙዝ የእሱ ይሆናል። በረመዳን እሱ መሮጥ ስለማይችል ሁለቱም የእኔ ነው። ማሳቸው ዳር የሚያዩን ገበሬዎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቢላ ይዘው ወፍ ሲያባርሩ ምን እንደሚሉን አላውቅም፤ እኔ በማልሰማው በኽምጣንኛ ስለሚሉት ደስ ይለኝ ነበር።

ለጅግራ እዚያው አውራጃ ወዳለው ዝቋላ ቆላ የምንወርድበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ነብር አይታጣም ብዬ ሁለት ጥይት በልካቸው፣ በሁለት ክዳን ተኩል ሞልቼ፣ ቀይ ክር አስሬባቸው በኮቴ የደረት ኪስ እይዛለሁ። ነብር አላየንም። ጥይቶቹም ከኪሴ ሳይወጡ ኖሩ። ኮቴ አንድ ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤትም ይዣቸው እሄድ ነበር።

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ትእዛዝ መጣ። የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ ይቅረብ፤ ይፈተሻል። የሚያገለግል ሆኖ ከተገኘ ለሚሊሺያ ይወሰዳል፤ የማያገለግል ከሆነ ማኅተም ያለው ወረቀት ተሰጥቶት ለባለቤቱ ይመለሳል። መደበቅ አይታሰብም፤ ስንተኩስ ከተማው ሁሉ ሰምቶናል። ወዳጄ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ቤቴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምክክራችን አጭር ነበር።

«ስንት ክዳን?» አልኩት።

«ግማሽ።»

«ግማሽ ከሆነ ከአፈሙዙ መውጣቱንም እንጃ።»

«አለመውጣቱ ነው የሚያስፈልገኝ» አለ። ከዚያም «ይህንንስ አይውሰዱብኝ» አለኝ። እንዲህ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ጥይት በግማሽ ክዳን ሞላሁለት። እጄ ላይ ቀለሉኝ፤ አፈርኩባቸው።

ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ሰዉ ከነመሣሪያው ተሰልፏል። ምንሽር የያዘ አለ፣ አልቤን የያዘ አለ፣ ከጽጽቃ ድረስ ውጅግራ ተሸክሞ የመጣ ሽማግሌም አለ። ከሌላ አገር የመጣ ሃምሳ አለቃ ይተኩሳል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ ይመዘግባል። አርባ እርምጃ ርቀት ላይ እንጨት ተተክሎ ቅል ተሰክቶበታል። ቅሉ ከተሰበረ መሣሪያው ያገለግላል ማለት ነው። የሽማግሌው ውጅግራ ቅሉን አልነካውም። ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ ጠመንጃቸውን ታቅፈው፣ ሃምሳ አለቃውን መርቀው ሄዱ። ወዳጄ ይህን አይቶ ትንሽ ፊቱ ተመለሰ።

ተራችን ደረሰ። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ከወዳጄ ተቀበለ፣ ጥይቶቹን አጎረሰ፣ አነጣጥሮ ተኮሰ። ጠመንጃው ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ «እህ» አለ። አንዷ እርሳስ ደርሳ ነበር መሰለኝ ቅሉ ትንሽ ተወዘወዘና ተወው። ሁለተኛውንም ሳበው፤ ያው ነው። አንዲት ጠላ ሻጭ በኽምጣንኛ አንድ ነገር አለች፤ ሰዉ አሽካካ። አጠገቤ የቆመውን «ምን አለች?» ብለው «ለሙሽራ መቀበያ ይሆናል ነው የምትለው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደተመከረው ነው።

ጸሐፊው ወረቀቱን አዘጋጀ። «በምን ልመዝግበው ጓድ ሃምሳ አለቃ?»

«ከዘራ ብለህ መዝግበው» አለ ሃምሳ አለቃው። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ከዘራም ቢባል ችዬ ነበር። ጸሐፊው ማኅተሙን ቀለም ላይ ረገጠው። ወዳጄ እጁን ዘርግቷል። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ሊመልስለት ሲል፣ ውስጡን እንኳ ሳያይ፣ «ዕድሜ ልኩን ያልተወለወለ ጠመንጃ እንዲህ ነው» አለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት የወለወልኩት እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ያ ሰውዬ ሚስቴን ቢሰድብ፣ ሃይማኖቴን ቢሰድብ፣ ጊዜውን አውቄ አንገቴን እደፋ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጓድ፣ እስቲ ውስጡን ይዩት» አልኩ። ወዳጄ እግሬን ረገጠኝ። ሃምሳ አለቃው አጥፎ ወደ ፀሐይ አዞረው። አፈሙዙ ውስጥ የጭሱ ጥላሸት አለ፤ ከጥላሸቱ ሥር ግን እንደ መስታወት ያበራል። «ንጹሕ ነው» አለ። «ታዲያ ለምን አይመታም?»

እዚህ ላይ «ማርጀቱ ነው» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ማኅተሙ ቀለሙ አልደረቀም።

«ጥፋቱ የጥይቱ ነው እንጂ የጠመንጃው አይደለም» አልኩ። ወዳጄ እግሬን እንደገና ረገጠኝ፤ በዚህኛው ተረከዙን ተጠቀመ። እኔ ግን እጄ ደረት ኪሴ ገብቷል። ቀይ ክር ያሰርኩባቸውን ሁለቱን ጥይቶች አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየሁት። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን አቀበለኝና «ተኩስ» አለኝ።

በእውነት እናገራለሁ፣ ያን ሰዓት ወዳጄን ረስቼዋለሁ። ሚሊሺያውንም፣ ማኅተሙንም ረስቻለሁ። የማስበው የጠላ ሻጯን ሳቅ ብቻ ነበር። ቀኙን ሳብኩት። ትከሻዬ ከቦታው የሄደ መሰለኝ፤ አንድ አህያ ጭነቷን ጥላ ወደ ከተማው ሮጠች። ጭሱ ሲገለጥ ቅሉ የለም። የተተከለው እንጨትም ግማሹ የለም። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ለትንሽ ጊዜ ጌታ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ዞር ብዬ የወዳጄን ፊት አየሁ። እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ የሚያቀብለው ግን የለም።

ጸሐፊው «ከዘራ» የሚለውን ሰርዞ «ያገለግላል» ብሎ ጻፈ። ሃምሳ አለቃው የቀረችውንም ጥይት ተቀበለኝ። «አያያዝህ የሚያስመሰግን ነው፣ ጓድ መምህር» አለኝ። ሰው ፊት ያመሰገነኝ የመንግሥት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወደ ከተማው ስንመለስ ወዳጄ ፊት ፊት ሄደ። ወንዟ ጋ ስንደርስ ቆመ፣ ፊቱን ታጠበ።

«ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ማን ጠየቀህ እኮ ነው የምልህ።»

«ማንም አልጠየቀኝም» አልኩት። ይቅርታ አላልኩትም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ብዙ ጊዜ ውሃውን አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም አልከላከልም ነበር። «አባቴ በአንድ ጥይት ዛፍ ቆርጬበታለሁ ሲሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ልጅ ሆኜ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነታቸውን ኖሯል።» ከዚያ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ወላሂ አላናደድከኝም አለ። መናደዱን አውቄያለሁ።

ለሚስቴ ስነግራት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ቢላዬን ሽንኩርት መክተፊያ አደረገችው።

ጠመንጃውን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የእህል መጋዘን የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ትከሻ ላይ ነበር። ጠፍሩ ተፈትቶ ሰደፉ በሽቦ ታስሯል፤ አፈሙዙ ላይ ዝገቱ ከሩቅ ይታያል። ጠባቂውን «ዘይት ቢጤ ቀባው እንጂ» አልኩት። «ምን አገባህ?» አለኝ። ለወዳጄ አልነገርኩትም። እሱም ሳያየው አልቀረም፤ ወደ መስጊድ ሲሄድ በመጋዘኑ በኩል ማለፍ ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞር ጀመር።

ከዚያ ወዲያም ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ልጆቻችንን ዳርን፣ እናቱን ስንቀብር አልጋውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ ጠመንጃው አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።