በቦዩ ውስጥ የቀረው ጥሪ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት የፍሳሽ ቱቦ ሊቀብሩ መንገዱን ሲቆፍሩት የርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ገብቶ ወደ ደጅ አወጣኝ። ሠራተኞቹ ልጆች ናቸው፤ ይህች አሮጊት ቆማ ጭቃ የምታሸተው ምን ነክቷት ነው ሳይሉ አልቀሩም።

ያ ሽታ ያደግኩባት መንደር፣ የቢላ ነው፤ የጃንሆይ ዘመን ቢላ። አባቴ ከጎጃም የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ቤታችን ጥንት ፈርሶ የቀረ ገዳም ካለበት ኮረብታ ግርጌ፣ እኔም እህት ወንድም የሌለኝ፣ ኦሮምኛዬ ሰው የሚያስቅ፣ ከጫልቱ በቀር ጓደኛ የሌለኝ ልጅ። የጫልቱ ቤት ከኮረብታው በላይ ነበር። አባቶቻችን ከጎመን መደብ በማትበልጥ ድንበር ተካሰው ሲኳረፉ፣ እኛንም አብራችሁ እንዳትታዩ አሉን።

በዚያው በጋ አንድ የውጭ አገር ምሁር መጡና መነኮሳቱ ከመሬት በታች የሠሩትን የድንጋይ ውሃ መውረጃ ያስቆፍሩ ጀመር። ቆፋሪዎቹ ከሁለቱም ጫፍ ደለሉን እየጠረጉ ሲገቡ፣ ቦዩ መከፈቱን የሚያውቁት በመጣራት ነበር፤ አንዱ ከላይ «ጂርታ?» ይላል፣ አለህ ወይ ማለቱ ነው፤ ሌላው ከታች «ጂራ» ይመልሳል፣ አለሁ።

እኛም ዘዴውን ቀዳን። ሰዎቹ ለምሳ ሲበተኑ እኔ በታችኛው አፍ፣ ጫልቱ በላይኛው አፍ እንደፋለን። ድምፅዋ በዚያ ሁሉ ድንጋይ ሥር ተጉዞ ትንሽ ጎርነን ብሎ ይደርሰኝ ነበር። አንዴ ስታስነጥስ ይማርሽ ብያት፣ እስኪደርሳት ጠብቄያለሁ።

አንድ ቀን «ነገ የምነግርሽ አለኝ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ምሁሩ የድንጋዩን አደራደር ለማየት የቦዩን ክዳን መሃል ላይ አስነሡት። በምሳ ሰዓት ብጣራ ብጣራ ድምፄ በተከፈተው በኩል ወደ ሰማይ እየወጣ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ፣ በክርክሩ የተረቱት አባቷ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አኖ ሄዱ። አባቴ በረታባት መሬት ጎመን ተከለ፤ አንድም ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሄዷ አይደለም። እሷም በዚያኛው አፍ ተደፍታ ስትጣራ ውላ፣ ዝም አለችኝ ብላ ሄዳ እንደሆነስ? ከዚያ ወዲህ ብዙ ወዳጅ አፍርቼ ብዙውን ቀብሬያለሁ፤ እንደዚያ መሬት ላይ ተደፍቼ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ዛሬ ቆፋሪዎቹ ምሳ ሲቀመጡ ወጣሁና ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቱቦው አፍ ጎንበስ አልኩ።

«ጂርታ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ከወዲያኛው ጫፍ የማላየው ጎረምሳ፣ ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ፣ «ጂራ፣ እማማ» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት መልስ ከማላውቀው ሰው አፍ መጣልኝና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።