አንድ በአንድ እንለፍ ያልኩበት ተራራ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሴንት ፖል ከተማ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን ጋር ሞንታና ሄደን ተራራ በወጣንበት ቅዳሜ ነው። ነፋሱ ከመንገዳችን በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ አዲስ በረዶ ሲከምር አድሯል። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሬአለሁና፣ «ይህ ሊናድ ይችላል። ከሥሩ አንድ በአንድ እንለፍ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌሎቻችን ርቀን እንጠብቅ» አልኩ።

«እሺ፣ ማን ይቅደም?» አሉ ሽማግሌያችን ጋሽ መርዕድ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ እህቶች።

«ኧረ በጌታ፣ እናንተ እለፉ።»

«እርስዎ ቆመው? አይሆንም።»

እዚያው በረዶው ሥር፣ በር ላይ እንደተገናኙ የሠርግ እንግዶች ይግደረደራሉ። በመጨረሻ ጋሽ መርዕድ፣ «አብረን መጣን፣ አብረን እናልፋለን» ብለው ሁሉንም እጅ ለእጅ አያይዘው አሻገሩ። እኔ ብቻ ባልኩት ጸንቼ ወዲህ ማዶ ርቄ ቀረሁ። የመጨረሻዋ እህት እንዳለፈች በረዶው ተንዶ መንገዱን ቀበረው።

ከተመለስን በኋላ በነበረው እሑድ ጋሽ መርዕድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆመው፣ «ያዳነን አንድነታችን ነው፤ ሊነጣጥለን የሞከረው መንፈስ ግን እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል» ሲሉ መሰከሩ። ጉባኤው ዞሮ አየኝ። የምስክርነቱ ካሴት ተባዝቶ እስከ ጎረቤት ከተማ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ደረሰ፤ እኔም ከማስተማር አገልግሎቴ ታገድኩ።

ጋሽ መርዕድ፣ እስቲ አሁን ይመልሱልኝ፤ በረዶው ሁላችሁንም ቢቀብር ኖሮ፣ ከዚያ መንፈስ በቀር ቆፍሮ የሚያወጣችሁ ማን ቀርቶ ነበር?