ከካርድ ክፍሉ የጠፋው ሞጁል

በቡታጅራ ዙሪያ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የበሽተኛን ካርድ ቁጥር በስም ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። የጻፍኩት ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋው ሲጫን፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈው የጨረሷቸው ሞጁል የሚባሉ ክፍሎች አብረውት ይመጣሉ። ከነሱ አንዱ ስክሪኑ ላይ የተሞላውን ቅጽ ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ያቀብላል። ሥራዬ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነበር።

ካርድ ክፍሉን የያዙት እዚያው ሃያ ዓመት የሠሩ አንዲት የመስቃን ሙስሊም ሴት ነበሩ። ለመታከም የመጣ ገበሬ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ መደርደሪያው ጋ ደርሰዋል። ኮምፒውተሩ የገባ ቀን፣

«ይሄ እኔን ለማስወጣት ነው የመጣው?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎን ለማገዝ ነው።»

አላመኑኝም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላመንኳቸውም። ኪቦርዱን በጨርቅ ሲሸፍኑ እንኳ ምን እየደበቁ ነው እል ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበላሸውን ማሽን፣ የሥራ ፋይሎቼን ቅጂ አስቀርቼ ውስጡን በሙሉ አጠፋሁና፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ የላከልኝን አዲሱን የቋንቋውን እትም ጫንኩበት። ወደ ቤቴ፣ ወደ አገና የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልሞክረው ወጣሁ። ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ስመለስ ሰልፉ ከግቢው ወጥቷል፣ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ስክሪኑ ላይ «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ወጥቷል።

ትናንት የነበረ ነገር ዛሬ እንዴት ይጠፋል? የክፍሉ ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ማሽኑን ነክተው ነበር?»

«ወላሂ አልነካሁትም። አቧራውን ብቻ ነው የጠረግኩት።»

ለእኔ ያ አቧራ በቂ ማስረጃ ሆነ።

ያን ጊዜ አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ እንገማገም ነበር። ሰው ሁሉ ስለሌላው የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው። በዚያ ሳምንት ግምገማ እጄን አውጥቼ፣ «ለውጡን የማይፈልግ ሰው ፋይል ሳያጠፋ አልቀረም» አልኩ። ስም አልጠራሁም። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ኃላፊያችን ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፈውና ሰኞ ቁልፋቸውን ተቀብሎ ወደ ንብረት ክፍል አዛወራቸው።

የጠፋውን ለመመለስ ስቀመጥ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ኮምፒውተር የማያውቁ ሴት ከሺህ ፋይል መሀል ያን አንዱን እንዴት ለይተው አገኙት? ይህ ከግምገማው በፊት መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። ከአዲሱ እትም ጋር የመጣውን የለውጥ ማስታወሻ ከፍቼ አነበብኩ። ሞጁሉ አርጅቷል፣ የተሻሉ አማራጮች አሉ፣ ስለዚህ ከዋናው ጥቅል ወጥቷል፣ የሚፈልገው ሰው ለብቻው ይጫነው ይላል። ያስቀረሁትን የድሮውን የስህተት መዝገብ ቅጂ ስከፍት ደግሞ፣ ሞጁሉ ከሚቀጥለው እትም ጋር እንደማይመጣ የሚያስጠነቅቅ መስመር በየቀኑ ተጽፎበታል።

ያንንም አላመንኩም። ጎዶሎ ቅጂ ልኮልኝ ይሆናል ብዬ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ሞጁሉን ከጥቅሉ ያስወጡት የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው» አለኝ። «እሱን ለብቻው እልክልሃለሁ።»

ላከልኝ። ጫንኩት፣ ፕሮግራሙም ተከፈተ።

በሚቀጥለው ግምገማ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ኃላፊው «ተይዟል» አለና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። የፊተኛው ቃለ ጉባኤ ግን አልተሰረዘም፤ እሳቸውም ወደ ካርድ ክፍሉ የተመለሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የተመለሱ ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። ማስጠንቀቂያውን አሳይቼ ተረጎምኩላቸው።

«ይሄ ለማን ነበር የሚመጣው?»

«ለእኔ።»

«አላነበብከውም?»

«አላነበብኩትም።»

«አላህ ይቅር ይበልህ» አሉና ተረኛውን በሽተኛ ጠሩ።

ከዚያ በኋላ እዚያ በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ፣ ማሽኑን ልጠግን ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርተው በሩ ላይ ያቆሟት ነበር። ሥራዬን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ እጄን እያየች ትቆማለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።