የሕያው ሰው ስም በቀይ አይጻፍም

የዚያን ዓመት ዝናብ የደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ የዮሱ ሰው መቼም አይረሳውም። የታጠበ አንሶላ ሳይደርቅ ይሸት ነበር፤ ሊሰጣ የወጣው ትንንሽ ዓሣ በጆንያ ተመልሶ ይገባ ነበር፤ ባሕሩና ሰማዩ አንድ ግራጫ ጨርቅ መስለው ከረሙ። ሱንሲም ግን ከዝናቡ ይልቅ የምታስታውሰው ከሥራዬ እባረራለሁ ብላ መፍራቷን ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ ስም ጻፊ ነበረች። በጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ ቀለም የሰውን ስም ትጽፋለች፤ ካሜራ ያነሳውና ከተናጋሪው ደረት በታች ይወጣል። የእጅ ጽሕፈቷ ያማረ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሠርግ መጥሪያ ያጽፋት ነበር። በዚያ ዝናብ መካከል ጽሑፍ የሚያወጣ ኮምፒውተር ከሴኡል መጣ። የገጠመው ባለሙያ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትቶላት ሄደ።

“እትዬ ሱንሲም፣” አላት የዜና ኃላፊው ታክ፣ “ኮምፒውተሩ እስከ መስከረም ካልገባሽ ከሴኡል ሰው አስመጣለሁ። አንቺም ዓሣ ታሰጫለሽ።”

“በዚህ ዝናብ የት ይደርቅልኛል ብለው ነው፣ አለቃ?”

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያ ደሞዝ ነበር።

መጽሐፉን ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ሥዕሉን ከኮምፒውተሩ ጋር እያስተያየች፣ አንድ አንድ ቁልፍ እየነካች፣ ምን እንደተለወጠ በደብተር ትጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ነገሩ ወለል አለላት። ለካ ጽሑፉ ለብቻው የቆመ አይደለም፤ ከኋላው ዋና ገጽ አለ። ቦታውን፣ ቁመቱን፣ ቀለሙን የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ሲለወጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይለወጣል።

“ይሄማ የልብስ ቅድ ነው!” አለች ለራሷ።

ነሐሴ ላይ ማዕበል ተነሣ። አሥራ አንድ ሰው የያዘች የዓሣ ጀልባ ተገለበጠች። ሚስቶችና እናቶች በዓሣው ገበያ አዳራሽ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰበሰቡ፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው የሚሰማ ድምፅ የለም፣ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ወደ ጣቢያው ስልክ ተደወለ፦ ሌላ ጀልባ አሥራ አንዱንም በሕይወት አውጥቷቸዋል።

ሱንሲም ስማቸውን ለቅማ ጻፈች። ከመውጣቱ በፊት በኮምፒውተሩ መሞከሪያ መስኮት ላይ ስታየው ስሞቹ ሁሉ ቀይ ነበሩ። ባለሙያው የአስቸኳይ ዜናን ገጽ ቀይ አድርጎት ሄዷል፤ ርእስ እንጂ የሰው ስም ይገባበታል ብሎ አላሰበም። በአገሩ ልማድ ደግሞ በቀይ የሚጻፈው የሟች ስም ነው።

“አውጪው!” ጮኸ ታክ።

“አለቃ፣ በቀይ ነው!”

“አስቸኳይ አይደል እንዴ? አውጪው እኮ ነው የምልሽ!”

“እናትዎ ስምዎን በቀይ ቢያዩ ምን ይላሉ?”

ታክ ሰዓቱን አየ። “ስንት ደቂቃ ይፈጃል?”

“አንድ በአንድ ከሆነ አሥር። ከዋናው ገጽ ከሆነ ግን አሁኑኑ።”

ስርጭት ላይ እያለ ዋናውን ገጽ ነክታው አታውቅም፤ ብትሳሳት የጻፈችው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ደብተሯን ገልጣ አየች። ገጹን ከፈተች፣ ነጩን መረጠች፣ ዘጋች። አሥራ አንዱም ስም አንድ ላይ ነጭ ሆነ። ከላይ “ሁሉም በሕይወት አሉ” ብላ ጻፈችና አወጣችው።

ገበያ ውስጥ የጀልባው ወጥ ሠሪ እናት ወንበር ላይ ወጥተው፣ ጣታቸውን ስሙ ላይ ተክለው፣ “ነጭ ነው! ልጄ ነጭ ነው!” እያሉ ጮኹ ይባላል።

በማግስቱ ታክ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። “ለሴኡሉ ሰውዬ ደውዬ ያደረገውን ነገርኩት።”

“ምን አለ?”

“‘ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ’ አለ።” ጉሮሮውን ጠረገ። “ከሴኡል ማንም አይመጣም። አንቺ ግን ደብተርሽን በደንብ ገልብጪው፤ የጓንግጁ ከተማ ጣቢያ ሰዎችም ሊማሩበት ይፈልጋሉ።”

ሱንሲም ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት እዚያው ሠራች፤ ከሦስት ከተማ የመጡ ስም ጻፊዎችንም አስተማረች። ጡረታ ስትወጣ ሱንቾን ከተማ ወደምትኖረው ልጇ ሄደች። ባለፈው የመከር ወራት ያዩዋት ሰዎች እንደሚሉት እዚያው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር።