ያልፈረምኩት ቁፋሮ

ሥራዬ ድልድይ መሥራት አይደለም፤ ድልድይ ሲሠራ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ማስላት ነው። እናቴ «ለሟርትም ደሞዝ ይከፈላል?» ትለኛለች። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለው ቢሯችንም እንደ እሷ የሚያስብ አልጠፋም። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ያሰላሁትን አልለቅም።

የዚያን ዓመቱ ድልድይ ከዛሪማ ከተማ ወዲያ፣ የእናቴን መንደር ከአስፋልቱ የሚለየው ወንዝ ላይ የሚሠራ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መንደሩ ይቆረጣል፤ እናቴ ደግሞ ኩላሊቷን ያማታል፣ ክትትሏ ጎንደር ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ ወንዙ ውስጥ በሰው እጅ ተቆፍሮ ከክረምት በፊት በኮንክሪት ከተሞላ የቀረው ቀላል ነው። ካልደረሰ ግን ደራሽ ውሃ ቆፋሪዎቹን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያገኛቸዋል። ያ ወንዝ ደግሞ አመለኛ ነው፤ መንደሩ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ስሜን ተራሮች ላይ ስለዘነበ ብቻ ድንገት ይመጣል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን የሥራ መርሐ ግብር ከእሁድ በቀር ሌላውን ቀን ሁሉ የሥራ ቀን አድርጎታል። ወይ ጉድ አልኩ። እዚያ አገር በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ ዶማ የሚያነሳ የለም፤ ቅዳሜማ አይወራ። በዓላቱን አስገባሁ፣ ያለፉትን ዓመታት ዝናብም አስገባሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ደጋግሞ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዲሞክረው አደረግሁ፤ አንዴ ዝናቡን አስቀድሞ፣ አንዴ አዘግይቶ፣ አንዴ ሲሚንቶ የጫነውን መኪና መንገድ ላይ አስቀርቶ። ከግማሽ በሚበልጠው ሙከራ ደራሹ ይቀድመናል።

ሥራ አስኪያጁ ውጤቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስሌት ውስጥ ታቦት ታስገቢያለሽ?»

«እኔ አላስገባሁም፤ ድሮም እዚያው ነበረ። የረሳው መርሐ ግብሩ ነው።»

«በአማካዩ ከሄድን እንደርሳለን እኮ።»

«በአማካይ ዝናብ የሚሞት የለም፤ የሚገድለው ቀድሞ የመጣው ነው» አልኳቸው። ተቆጡ፣ ለመኑኝም። አልፈርምም አልኩ። ያለ እኔ ፊርማ ቁፋሮ ስለማይጀመር ሥራው ለጥቅምት ተዛወረ።

እናቴን ክረምቱ ሳይገባ በግድ ቤቴ አመጣኋት። መጣች፣ ግን አኩርፋ። ሰኔ አለቀ፤ ደራሽ የለም። ሐምሌ ገባ፤ ሰው ወንዙን አሁንም በእግሩ ይሻገራል። የመንደር ጎረቤቷ እየደወለች «ምነው ልጅሽ ድልድያችንን አስቀረችብን? ይሄኔ አልቆ አልነበር?» ትላታለች። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ትዞራለች። «አሳፈርሽኝ» ትለኛለች። ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅ ነበር፤ ከእሷ ሲመጣ ግን ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ዝናቡ እንደሚዘገይ ባውቅማ ጠንቋይ ነበርኩ። እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ ዓመት ጥቂት መሆኑን ነው። ያው ወረቀት ነገም ቢመጣ አልፈርምም።»

«ለመሆኑ ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው ማን ነበር?»

«ለሥራው የተመዘገቡት የመንደሩ ወንዶች ናቸዋ። ወንድሜ አለበት፣ የጎረቤትሽ ልጅ አለበት።»

እጇ ትሪው ላይ ቀረ። «እኔኮ ዳር ሆነው ድንጋይ የሚያቀብሉ መስሎኝ! ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም?»

«ወንድሜ ባይኖርበትስ፣ እፈርም ነበር? የማንም እናት ልጅ ቢወርድ ስሌቱ ያው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ፤ ያቺው ጎረቤቷ ናት። ያንኑ ወቀሳ ገና ስትጀምር እናቴ አቋረጠቻት።

«ቆይ እስኪ፣ ልጅሽ የታል?»

የሴትዮዋ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ። «የት ይሄዳል? ይሄው ምሳውን እየበላ ነው።»

«እንግዲያው ይብላ» አለችና እናቴ ስልኩን ዘጋችው።