የቀዩ ድመት ጆንያ

ጎዳይፍ በሚባለው ሰፈራችን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ አገራችን ነፃ በወጣች ሰሞን፣ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሡ። እትዬ ነበር የምላቸው። ከሰው ፊት የሚታሰረው አንደበቴ እሳቸው ጓሮ አብረን ልብስ ስናጥብ ብቻ ይፈታ ነበር። አብረው የተወለዱ ሁለት ድመቶች ነበሯቸው፤ ግራጫ ሴትና ቀይ ወንድ። የቲማቲም ሳጥን ውስጥ፣ በእትዬ አሮጌ ሹራብ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ተንተርሶ ነበር የሚተኙት።

እናቴ «አንድ ድመት ይበቃናል» ስላለች ግራጫዋ ከነሳጥኑና ከነሹራቡ ለእኛ ተሰጠች። ቀዩን ጸጸራት የሚባል ሌላ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ወሰዱት፤ ቤታቸው ውስጥ አይጥ አስቸግሯቸው ነበር። የመመለሻውን መንገድ እንዳያውቅ ጆንያ ውስጥ ከተቱትና ጆንያውን በር ላይ ደጋግመው አዞሩት።

እናቴ ንጹሕ ሴት ናት። ሹራቡን ቤት ሳታስገባ በሳሙና አሽታ አጠበችው። ግራጫዋ አሸተተችውና ትታው ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወተቱንም ሥጋውንም አልነካ አለች። በእትዬ ባዶ ቤት በር ሥር ተቀምጣ ትጮኽ ነበር። ጎኗ ወደ ውስጥ ገባ።

«ትሞትብኛለች» አልኩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ ለእኔ ከምትነግሪኝ ሄደሽ ለሽማግሌው ንገሪያቸው» አለች እናቴ። «አይበሉሽም።»

ሹራቡን ይዤ ሄድኩ። የሚሉኝን ፈርቼ በራቸውን አልፌ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ። ሲከፍቱልኝ ሹራቡን ብቻ ዘረጋሁላቸው።

«ልትሸጭልኝ ነው? ይጠበኛል እኮ!»

«አይ፣ አቦይ... ድመቱ ተኝቶበት ሽታውን እንዲይዝ። እኅቱ አልበላ ብላለች።»

«የኔስ መች በላ! አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም። አይጦቹ እንኳ ንቀውት በፊቱ ነው የሚያልፉት።»

ሹራቡን አልጋው ሥር አስገቡለት። ቀዩ የተኛበትን ጆንያ ደግሞ ጎትተው አውጥተው ሰጡኝ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን ሽታው እንዳይጠፋ ጆንያውን ጠቅልዬ አቀፍኩት።

ግራጫዋ ከበር ሳልገባ አወቀችው። ጭንቅላቷን ከትታ ገባችና ከጆንያው ውስጥ ጅራቷ ብቻ ታየኝ። ሲመሽ ወጥታ ወተቷን ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከሽማግሌው ጋር ሹራቡንና ጆንያውን እንለዋወጥ ጀመር። ቀዩም ከአልጋ ሥር ወጣ፤ አንድ አይጥ ሲይዝ ሽማግሌው እንደ ልጃቸው ሠርግ ነገሩኝ። ሁሌ ሻሂ ያስቀምጡልኛል። መጀመሪያ ቆሜ ነበር የምጠጣው፤ ኋላ ስለ እትዬ ጓሮ ማውራት ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ያመጣሁትን ሹራብ ግራጫዋ ረግጣው አለፈችና ሄዳ ፀሐይ ላይ ተዘረጋች። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ጋር ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሹራቡን አጣጥፌ እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ።

«ድመትሽ ድና የለም እንዴ? ዛሬም ትሄጃለሽ?» አለች እናቴ።

«እወ» አልኩና ነጠላዬን አነሣሁ። ሹራቡን ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት።