«የነፍሴ...» ብሎ የደወለው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሰው ሊሞት ነበር... ያውም በሦስት ነጥብ።

እማማ፣ አያቴ ናት፣ ገበያ ስትወጣ ስልኳን ቻርጅ ላይ ረስታው ሄደች። ቤት የቀረነው እኔና ባሏ ነን። እኔ አባባ እለዋለሁ፣ የቁስቋም ሰፈር ደግሞ አያ ተገኘ ይለዋል። ሰባን አልፏል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቱን ያመዋል፤ ቅናቱን ግን አንድም ቀን አሞት አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ባለ ቁልፍ ነው፣ ስክሪኑ የክብሪት ሣጥን ቢያክል ነው። አባባ አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ገለበጠው...

«አንቺ! ማን ነው የሚለው?»

«የነፍሴ ይላል።»

«የነፍሴ ምን?»

«የነፍሴ... ከዚያ ነጥብ ነጥብ ነጥብ።»

«ነጥቡ ምንድን ነው?»

«ቀሪው ተደብቋል ማለት ነው።»

«ተደብቋል» ስለው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስልኩን ከፍቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ትንፍሽ አላለም። የስልኩ ድምፅ ለጎረቤት ጭምር ስለሚተርፍ እኔም እሰማለሁ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራርጠዋል።

«ሄሎ... እንደምን ዋልሽ... ሰውየው አለ?... ከአምባ ጊዮርጊስ ተሳፍሬያለሁ... እሱን ዛሬ መጥቼ እጨርሰዋለሁ... አንቺ አታስቢ...»

ጠፋ።

አባባ ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ያስፈራኝ ቀስ ማለቱ ነው።

«ሊጨርሰኝ ነው» አለ። «የነፍሷ ሰውዬ... ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከወገራ ድረስ ተሳፍሮ!»

«አባባ፣ እማማ እኮ ቅድመ አያት ልትሆን ነው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! በሷ የተነሳ ስንቱን ጎረምሳ ፈንክቻለሁ መሰለሽ!»

ለእማማ እንዳልደውል ስልኳ እኛው ጋ ነው። ጎረቤት ልጥራ ብዬ ብነሳ «ንቅንቅ ብትዪ ካንቺ እጀምራለሁ» አለኝና ከአልጋው ሥር ሽመሉን መዘዘ። ወንበር ለማቀበል ሦስት ጊዜ የሚያቃስት ሽማግሌ፣ ዝናብ ላይ ከግቢው በር ጀርባ ተለጥፎ ቆመ። በየመሀሉ «ምነው ቆየ ይኼ ውሻ?» ይላል። ቀጠሮ የሰጠው እሱ ይመስል!

እኔ በሆዴ እየሳቅሁ ነበር። ማንም አይመጣም ብዬ።

መጣ።

ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ዝናቡን ፈርቶ ጭንቅላቱን በፌስታል የጠቀለለ ትልቅ ሰውዬ ነው። በሩን ገፋ አድርጎ «ቤቶች!» ከማለቱ አባባ «እንኳን ደህና መጣህ የነፍሷ!» አለና ሽመሉን አናቱ ላይ አሳረፈው።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። አባባ ደገመው፣ ትከሻው ላይ። ሲሰልስ ግን ሰውየው ተነሳ... እሱም ለካ ረጅም ዘንግ ይዟል! አንድ ጊዜ ቢያወናጭፈው አባባ አፉ ላይ አገኘው፤ ከቀሩት ጥቂት ጥርሶች አንዷ ጭቃው ውስጥ ገባች። ተያያዙ። ተንከባለሉ። አባባ በድዱ ጆሮ ሊነክስ ይታገላል።

መቀለዴ የጠፋው ደሙን ሳይ ነው። ከፌስታሉ ሥር ወርዶ ጢሙን አቀላው። አባባ ላዩ ላይ ወጥቶ ሽመሉን አንገቱ ላይ አጋድሞ ተጫነው። ሰውየው እግሩን ያወራጫል፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ሲር የሚል ነገር ብቻ ነው... ከዚያ ዓይኑ ነጭ ሆነ።

«አባባ ይበቃል! ሞተ!» ብል ማን ይስማኝ። የጣሪያ ውሃ የሞላውን ባልዲ አንስቼ ሁለቱም ላይ ቸለስሁት፤ ባልዲውንም ጨመርሁበት። አባባ ወደ ጎን ወደቀ። ሰውየው አየር ሳበ። ፌስታሉም ወለቀ።

ከሥሩ ጥምጥም ነበር። ነጭ የነበረ፣ አሁን ግማሹ ቀይ የሆነ።

በዚህ መሀል እማማ ከነዘንቢሏ በሩ ላይ ደረሰች። ሽንኩርቱ ተበተነ።

«ኡኡ! የነፍሴን አባት ገደላቸው! መምሬን ገደላቸው!»

...አባት። የክብሪት ሣጥን ያልበቃው ቃል ይኼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነፍስ አባታችን አምና ሲያርፉ እማማ አዲስ ያዘች። አባባ «እኔ ምን ኃጢአት አለብኝና» ብሎ እምቢ ስላላት፣ መጥተው እንዲመክሩላት ለመነቻቸው። እሳቸውም «እጨርሰዋለሁ» ያሉት የሱን ነገር ነው። የያዙት ዘንግ መቋሚያቸው ነበር፤ ነፍሳቸውን ያተረፈው ደግሞ የጥምጥሙ ውፍረት ነው አለ የሰፋቸው ሐኪም።

ማታውን ቤታችን አምጥተን አስተኛናቸው። አባባ ከንፈሩ እንደ ዳቦ አብጦ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«መምሬ... ይፍቱኝ።»

መምሬ ፋሻቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ኃጢአት የለብህም አልተባልሁም?»

«ዛሬስ... አለብኝ። ቀኖናዬን ይንገሩኝ።»

«አሁን አልነግርህም አያ ተገኘ። እንደተናደድሁ ብሰጥህ ዕድሜህ አይበቃውም። ቁስሌ ሲሽር እጠራሃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አባባ ጸሎት አያስታጉልም። ዛሬ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰማሁት... «ጌታዬ ሆይ፣ መምሬን ማርልኝ... ብቻ አትቸኩል።»